«ፍሌክሲብል» ተለዋዋጭ ነውን?

«ፍሌክሲብል» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በአስተዳደር ነክ ትርጉሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ «ተለዋዋጭ» ተብሎ ይገኛል። ይህ አተረጓጐም ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ በሒሳብ «ቫሪያብል» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ የያዝነውን ስያሜ ይሻማል። ሁለተኛ፣ ፍቺውን ይስታል። «ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት» የሚል ደንብ ያነበበ ሠራተኛ፣ ሰዓቱን እንደ ችግሩ እንዲያመቻች የተሰጠውን መብት፣ አሠሪው እንደ ፈለገ የሚቀያይርበት ግዴታ አድርጎ ቢረዳው አይፈረድበትም።

የቃሉ ምንጭ ማጕበጥ ወይም ማጠፍ ማለት የሆነው የላቲኑ «ፍሌክቴሬ» ነው። ከዚሁ የወጣው «ፍሌክሲቢሊስ» መታጠፍ የሚችል ማለት ነው። እንግዲህ የፍቺው ማዕከል ሳይሰበሩ መጕበጥ እንጂ ሌላ ሆኖ መገኘት አይደለም።

ልዩነቱን ለመረዳት ደብረ ታቦርንና አካባቢዋን መመልከት ይበቃል። ለከተማዋ ቅርብ በሆነችው በጋፋት፣ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ሲሠራ፣ ማዕድኑ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ መድፍ ሆኗል። ይህ መለወጥ ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት ግን አክርማዋን ውሃ ውስጥ ትነክራለች፤ የራሰው አክርማ ወዳሻት ይጠመዘዛል እንጂ አክርማነቱን አይተውም። ይህ መለመጥ ነው። «ልምጭ» የሚለው ስም የያዘውም ይህንኑ ጠባይ ነው። ስለዚህ ለቁስ «ተለማጭ» ማለት የተሻለ ነው።

«ተለማጭ» «መለማመጥ»ን ስለሚያስታውስ የደጅ ጥናት ሽታ አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሌላው የእንግሊዝኛ ቅጽል «ሰፕል»ም የመጣው በፈረንሳይኛው «ሱፕል» በኩል ከላቲኑ «ሱፕሌክስ» ሲሆን፣ ይኸውም ዝቅ ብሎ የሚለምን ማለት ነበር። ብዙዎች ቃሉን «ከሥር» እና «ማጠፍ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ሲያስገኙት፣ ሌሎች ከማስታረቅ ግሥ ጋር ያዛምዱታል። የልመናው ስሜት ከጊዜ ብዛት ደብዝዞ፣ ቃሉ ዛሬ ለለሰለሰ ቆዳና ለሚተጣጠፍ አካል ያገለግላል። ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሽታ የማራቅ ዐቅም አለው።

ይሁን እንጂ አንድ ቃል ለሁሉ ይብቃ አንልም። ሽቦና ቧንቧ «ተለማጭ» ይባሉ፤ የሥራ ሰዓት «እንደ ሁኔታው የሚመቻች» ይባል፤ «ተለዋዋጭ» ደግሞ በእርግጥ ለሚለዋወጠው ይቀመጥ። ተርጓሚው ከመወሰኑ በፊት፣ የተባለው ነገር ጐብጦ ያው ሆኖ ይቀራልን፣ ወይስ ሌላ ይሆናል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።