የመኖ ዘር ቀን ከአጨዳው ይቆጠራል

የክረምት መኖ አምራች ነኝ፤ በሱሉልታ ደጋ አጃና ቬች አሰባጥሬ እዘራለሁ። ሲኒማ ራስ ከታክሲ ወርጄ መርካቶ የምገባው ለገመድና ለሸራ ነው፤ ማጭድ ሲያስፈልገኝ ምናለሽ ተራ ድረስ እዘልቃለሁ። ከነጋዴዎቹ መካከል በከተማው ዳር ላም የሚያረቡ አሉ፤ «ድርቆሽ ዘንድሮ ስንት ገባ?» ይሉኛል። መቼ እንደተዘራና መቼ እንደታጨደ የሚጠይቀኝ የለም። የወተቱን ነገር የሚወስኑት ግን እነዚህ ሁለት ቀኖች ናቸው።

ሣር ለጋ ሳለ ቅጠሉ ይበዛል፤ ፕሮቲኑም በአብዛኛው ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። ዛላ አውጥቶ ፍሬ ሲቋጥር አገዳው ይጠነክራል፤ ከማሳው የሚሰበሰበው ይጨምራል፣ ጥራቱ ይወርዳል። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ሲያንስ በከብቷ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ፤ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። ስለዚህ አጃን ለድርቆሽ የማጭደው ዛላው ወጥቶ ፍሬው ገና ወተት ሲይዝ ነው። ብዛትና ጥራት የሚታረቁት ያኔ ነው።

አጃ በደጋው እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከተዘራ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። በግንቦት መጨረሻ ዝናብ ጣል ሲያደርግ የተቻኮለ ገበሬ፣ አጃው በነሐሴ መጨረሻ ይደርስበታል። ዝናቡ ገና አላባራም። ቢያጭደው መሬት ላይ ይሻግታል፤ ፀሐይ ልጠብቅ ቢል ይጋሽብበታል፣ የቆመውም ወደ ገለባ ይጠጋል።

በሐምሌ መጨረሻ የሚዘራውም ሌላ ዋጋ ይከፍላል። ጥቁሩ መሬት ውሃ ቋጥሮ ቡቃያውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ሥሩ ሳይጠልቅ ዝናቡ ይቆማል፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ውርጭ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሣር አጭር ቢሆንም ቅጠሉ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ከማሳው የሚገኘው ግን ጥቂት ነው።

እኔ የምቆጥረው ከአጨዳው ወደ ኋላ ነው። ሰኔ 25 የተዘራ አጃ ጳጉሜን ጨምሮ መስከረም 25 ላይ 95 ቀን ይሞላዋል። ክረምቱ የሚወጣው፣ ድርቆሽ የሚያደርቅ ፀሐይም የሚገኘው በዚያው ሰሞን ነው። ቀኑ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ቶሎ የሚደርስም የሚዘገይም አጃ አለ። ዘር ስትገዙ በስንት ቀን ለአጨዳ እንደሚደርስ ጠይቁ። በአጃና በቬች ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ጥሩ አማካሪ ነው።

ደሾና የዝሆን ሣር ስሌታቸው ይለያል። አንዴ ተተክለው ለዓመታት ስለሚታጨዱ ዝናቡ እንደጀመረ መተከል አለባቸው፤ የመጀመሪያው ክረምት ሥር መስደጃቸው ነው፤ ሥራቸው ሳይጠነክር በጋ ከገባ ይደርቃሉ።

ሱሉልታ ላላችሁ አምራቾች የምለው፦ ጎረቤት ስለዘራ ብቻ አትዝሩ፤ የአጨዳችሁን ሳምንት አስቀድማችሁ ወስኑ። መርካቶና አካባቢዋ ላላችሁ ላም አርቢዎች ደግሞ፦ የእስሩን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ፍቱት፤ ቅጠሉን እዩ፣ ሽታውን አሽትቱ፣ የታጨደበትን ቀን ጠይቁ። ገዢ ቀን መጠየቅ ከጀመረ አምራቹም ቀን ማክበር ይጀምራል።