አሳይመንት፦ አንባቢ የሌለው ድርሰት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን በብዛት ስለሚጻፈው የጽሑፍ ዘውግ ሂስ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ስለ አሳይመንት ነው የማወራው።

ቅርጹን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሽፋን ገጽ፣ የዩኒቨርሲቲው አርማ፣ የግሩፑ አባላት ስም ከነመታወቂያ ቁጥራቸው። ከዚያ ማውጫ፣ መግቢያ፣ ማጠቃለያ። ከስድስቱ አባላት የሚጽፈው አንዱ ሰቃይ ነው፤ ሌሎቹ የፕሪንት ያዋጣሉ። እሱም ቢሆን ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ፋይል ነው የሚጀምረው። ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲ አለለት።

ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን ችግሩን ዘውጉ ላይ ነው የማየው። አሳይመንት አንድ አንባቢ ብቻ አለው፤ እሱም መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። መቶ ወረቀት የተቆለለበት መምህር ሁሉንም አንብቦ አስተያየት ይጽፍልኛል ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ ብዙ የለም። የሚመለሰው ቁጥር ነው፦ ከአሥር ሰባት። ሦስቱ የቱ ጋ እንደጎደለ ማን ይነግርሃል? እንደማይነበብ ያወቀ ሰው ደግሞ የሚጽፈው ለማስረከብ ብቻ ነው።

ተማሪ ሁሌም እንዲህ አልጻፈም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓል ግጥማቸውን በታዳሚ ፊት ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. የተሰማው እዚያ ነው። ዋለልኝ መኮንን ደግሞ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሳበትን ጽሑፍ ኅዳር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ አወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈች፣ የጥቂት ገጽ ጽሑፍ ናት። ማርክ አልተሰጠባትም፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ግን ሰው ይከራከርባታል። ተስማማህም አልተስማማህም፣ ሁለቱም የጻፉት መልስ ሊሰጣቸው ለሚችል ሰው ነው።

ስለዚህ ተማሪው ለኮርሱ የሚጽፈውን በይነመረብ ላይ በግልጽ ያውጣው፣ የክፍል ጓደኞቹም አንብበው ይሟገቱት የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሰፈሩን የጤፍ ዋጋ ለስድስት ሳምንት እየተከታተለ ቢጽፍ፣ ካለፈው ዓመት ፋይል ሊገለብጠው አይችልም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የመጀመሪያው ግምቱ ስህተት እንደነበር ሲያይ፣ በሰው ፊት ራሱን ያርማል። መማር ማለት ይሄው ነው።

ግን ዝም ብሎ «ሁላችሁም በስማችሁ ጻፉ» ማለትም አያዋጣም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከታሰሩት ስድስት የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበር። በእኛ አገር በስም መጻፍ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ መምህር ያንን ዋጋ በማርክ አስገድዶ ማስከፈል የለበትም። የብዕር ስም ይፈቀድ። ጽሑፉ ከክፍሉ እንዳይወጣ የሚፈልግም መብቱ ይጠበቅለት። ዳታ መግዣ የሌለው ደግሞ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ አንባቢ እዚያም ይገኛል።

መምህሩም ከአንባቢዎቹ አንዱ ይሁን። ሁሉንም ማረም ካልቻለ፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አንድ የምር ጥያቄ ይጻፍ። «ይሄን ከየት አወቅከው?» የሚል አንድ መስመር ከአሥር ሰባት ይበልጣል። እኔ ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የተጻፈልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከጻፍኳቸው አሳይመንቶች ሁሉ ዛሬ የማስታውሰውም ያንኑ አንዱን ነው።