የዳዊት ከተማ ሻርኮችና ዜናው የዘለለው ቴል

ያቭኔ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በዳዊት ከተማ ስለተገኙ የሻርክ ጥርሶች የሚያወራ የቆየ ዜና ላከልኝና «ሻርክ ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዜናው ስላላጠገበኝ ጥናቱን ራሱን ፈልጌ አነበብኩት።

በጀርመን የማይንዝ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቱትከንና ባልደረቦቻቸው በ2020 ያሳተሙት ጥናት ነው። 29ኙ ጥርሶች የተገኙት ከ2,800 ዓመት በፊት ገደማ አንድ ምድር ቤት በተሞላበት አፈር ውስጥ፣ ከተጣለ የዓሣ አጥንትና ከሸክላ ማኅተሞች ጋር ነው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የምግብ ትራፊ መስሏቸው ነበር። ጽሑፉን ለኅትመት ሲልኩት ግን አንድ ገምጋሚ «ይሄ ጥርስ እኮ ቢያንስ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፋ ሻርክ ነው» የሚል አስተያየት ሰጠ። ተመልሰው መረመሩ። በባሕር ውኃ ውስጥ ያሉት የስትሮንቲየም ዓይነቶች ምጥጥን ከዘመን ዘመን ይለያያል፤ ጥርስ ደግሞ የበቀለበትን ባሕር ምልክት ይዞ ይቆያል። ጥርሶቹ ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሆነው ተገኙ።

የጥናቱ ትልቁ ነገር ለኔ ይሄ ነው፤ ስህተታቸውን አልደበቁም። ስህተቱ ቢያልፍ ኖሮ ቀላል አልነበረም። ሻርክ በኦሪት የማይበላ ዓሣ ስለሆነ፣ «የጥንት ኢየሩሳሌማውያን ሻርክ ይበሉ ነበር» የሚል ወሬ በነዚህ ጥርሶች ላይ ይቆም ነበር። በሌላ ማስረጃ ይበሉ እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ያኔ ነገቭ በቴቲስ ውቅያኖስ ሥር ነበር። ሻርኮችና ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው ሬይዎች ይዋኙበት ነበር። አጥንታቸው እንደ ጆሯችን ለስላሳ ስለሆነ በአብዛኛው ይበሰብሳል፤ ሻርክ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ እየጣለ ሌላ ያበቅላል፣ የተጣለውም በባሕሩ ወለል ላይ ይከማቻል። ዛሬ ለማዳበሪያ በሚቆፈረው የነገቭ ፎስፌት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርስ አለ። እንግዲህ ሰው ነው ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር ያመጣቸው። ለምን? ጥርሶቹ አልተበሱም፣ ስለዚህ ጌጥ አይመስሉም፤ እንደ መሣሪያም አልተፋቁም። ቱትከን «ምናልባት ሰብሳቢ ይሆናል» አሉ፣ ወዲያውም ማረጋገጫ እንደሌላቸውና መቼም ላይገኝ እንደሚችል ጨመሩ። ዜናዎቹ ግን ሰብሳቢውን ወስደው «ምናልባት»ን ጣሉት።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ ጥርሶች በማሬሻና በቴል ሚቅኔም ተገኝተዋል። ቴል ሚቅኔ ማለት የፍልስጥኤማውያኗ ኤቅሮን ናት፤ ከ1981 እስከ 1996 ትሩዴ ዶታንና ሲሞር ጊቲን የቆፈሯት፣ ኪቡጽ ሬቫዲም አጠገብ ያለችው። ከቂርያት ማላኪም ሆነ ከገደራ በመኪና ቅርብ ነች። እኔ ቂርያት ማላኪ አድጌ ስለዚህ አንድም ቀን አልሰማሁም። ዜናውም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፋት። ነገሩ ግን የሰፈር ኩራት ብቻ አይደለም። ጥርሱ በሦስት ቦታ፣ በጠላት ከተማም ጭምር ከተገኘ፣ በኢየሩሳሌም ይኖር ስለነበረ አንድ ሀብታም ሰብሳቢ የሚወራው ታሪክ አይበቃም። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ከኛ ቆላ ጀምሮ ነው።

ይህን ሁሉ ገደራ ቡና ላይ ለእናቴ ሳወራላት «እኔ ባሕር ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው» አለች። እሷ በ1990 ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትመጣ፣ ደጀን አልፋ አባይ በረሃ ወርዳ ወጥታለች። እዚያ ገደሉ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር፣ ዛጎሉ አሁንም ውስጡ አለ። ሙቀቱንና ድልድዩን ታስታውሳለች፤ ድንጋዩን አላየችውም።

ትንሽ ዝም አለችና «ብትነግሩኝ ኖሮ» አለች፣ «ሹፌሩን አስቁሜ አንዱን አነሣ ነበር።»