ጭብጨባና ዋት

የፈጠራ ዜና የራሱ አተራረክ አለው። አንድ ወጣት አለ፤ ከቁርጥራጭ ዕቃ የተሠራች፣ ቧንቧ ላይ የምትገጠም ትንሽ ተርባይን አለች። ቧንቧው ይከፈታል፣ አምፖሏ ትበራለች፣ ከዚያ ጭብጨባ! ዘጋቢውም «ከቤት ቧንቧ ነጻ መብራት» ብሎ ይደመድማል። እንደ ድርሰት ካየነው ግን ግጭት የለውም። የዚህ ታሪክ ግጭት ቁጥሩ ነበር፤ እሱን የጠየቀ የለም።

እስቲ እኛ እንጠይቅ። ደኅና ግፊት ያለው ቧንቧ 3 ባር ይኖረዋል እንበል፤ ውሃው ከ30 ሜትር ከፍታ እንደሚወርድ ማለት ነው። በዚህ ግፊት 20 ሊትር ጀሪካን እስኪሞላ የሚገኘው ኃይል፣ ምንም ሳይባክን፣ ባለ10 ዋት አምፖል ለ10 ደቂቃ ያህል ቢያበራ ነው። ግማሹ ከባከነ 5 ደቂቃ። በዚሁ ሂሳብ 3 ኪሎዋት የሚበላ የእንጀራ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ለማስጋል ከ3,600 ጀሪካን በላይ ውሃ ማፍሰስ ሊኖርብን ነው! ለመሆኑ ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰው ይህን የሚያወራ ማን ደፋር ነው?

ደግሞስ ግፊቱ ከየት መጣ? ብዙ ቦታ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ውሃም፣ ብዙዎቻችን ጣሪያ ላይ የሰቀልነው ሮቶም እንዲሁ። ታዲያ ይሄ ብር ሰጥቶ ሳንቲም መቀበል እንጂ ምኑ ነው ነጻ? ግፊቱ በተፈጥሮ ቁልቁለት የመጣ ከሆነም፣ ተርባይኗ የምትወስደው ከዚያው ከቧንቧው ነው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሐሳቡ ግን ከንቱ አይደለም፤ ቦታውን ስቶ ነው እንጂ። በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ቁልቁል በሚወርድ ትልቅ የከተማ ውሃ መስመር ውስጥ በድምሩ 200 ኪሎዋት አቅም ያላቸው አራት ተርባይኖች ሥራ ጀምረዋል። እዚያ ብዙ ውሃ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ትርፍ ግፊትም አለ። የእኛ ወጣት ይህን የሚነግረው ቢያገኝ ኖሮ ከማድ ቤቱ ቧንቧ ተነስቶ ወደ ዋናው መስመር ያስብ ነበር።

ጭብጨባ ለአጨብጫቢው ምንም አያስወጣውም። ዕድሜውን የሚከፍለው ልጁ ነው። «ስንት ሊትር? ስንት ዋት?» ብሎ መጠየቅ እሱን ማሳነስ አይደለም፤ ሥራውን ከቁም ነገር መቁጠር ነው።