ከእናት የተሰነቀ መልእክት

ጠዋት መብራት ሲበራ በወንዱና በሴቷ ዜብራ ዓሣ መካከል ያለውን መለያ አነሣለሁ። ብዙም ሳይቆይ እንቁላሎቹ ከገንዳው ሥር ይታያሉ። አንዱ ሕዋስ ሁለት እስኪሆን እነሱን ለመውጋት ያለኝ ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ነው።

መርፌዬ በሙቀት ተስቦ የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ነው። ጫፉን በወረንጦ ቀንጠብ አደርገዋለሁ፤ ካበዛሁት ፅንሱን ይቀደዋል፣ ካሳነስኩት ይደፈናል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ዘይት ውስጥ ጥዬ በማይክሮስኮፕ እለካታለሁ። ስፋቷ 0.12 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ናኖ ሊትር ገደማ ናት። ይህን ልኬት የሚዘል ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል።

የምወጋው 22 ሆሄያት ገደማ ያሏትን ሚር-430 የተባለች ማይክሮ አርኤንኤ ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የራሱ ጂኖች ገና አልነቁም፤ የሚኖረው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ በሰነቀችለት መልእክተኛ አርኤንኤ ነው። ወደ 3 ሰዓት ሲጠጋው የራሱ ጂኖች ይነቃሉ፤ ቀድመው ከሚነቁት አንዷ ሚር-430 ናት። ሥራዋ ያንን ስንቅ ማጽዳት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የእናት መልእክቶችን እየያዘች ጅራታቸውን ታሳጥራለች፣ እነሱም ይበሰብሳሉ።

በ2005 እ.ኤ.አ. አንቶኒዮ ሂራልዴዝ፣ አሌክሳንደር ሺርና ባልደረቦቻቸው ማይክሮ አርኤንኤን ቆርጦ የሚያዘጋጀው ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም ከእናትም ከራሳቸውም ያላገኙ ፅንሶችን አጠኑ። ፅንሶቹ አደጉ፤ አንጎላቸው ግን በወጉ አልተቀረጸም። ሚር-430 ሲወጉ የአንጎሉ ቅርጽ በአብዛኛው ተመለሰ። ይህን ውጤት ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል፤ ለካ ፅንስ በጊዜው የሚወገድለትም ያስፈልገዋል።

ጀማሪ ሳለሁ ጅራታቸው የተጣመመ ፅንሶች አይቼ ግኝት መስሎኝ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ሆሄያቷ የተቀየሩባትን፣ ምንም መያዝ የማትችለውን አርኤንኤ ወግቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልወጋሁም ነበር። በማግስቱ ስወጋ ጅራታቸው እንደዚያው ተጣመመ። የመርፌዬ ጫፍ ሰፍቶ ኖሯል፤ ፅንሶቹን የጎዳቸው የመጠኑ ብዛት ነበር። ያንን ቀን ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ ለእነዚያ ፅንሶችም፣ ላመንኩት ነገርም።

አሁን የአንድ እናት እንቁላሎችን ሦስት ሳህን ላይ እከፍላለሁ፦ ያልተወጉ፣ የተቀየረችው የተወጉ፣ ሚር-430 የተወጉ። በ28.5 ዲግሪ አሳድራቸዋለሁ። በማግስቱ ማይክሮስኮፑ ሥር መጀመሪያ የማስቀምጠው ያልተወጉትን ነው።