ፍርስራሽና ምስክር፦ ከዲትሮይት እስከ ዶሮ ማነቂያ

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ ሀልብዋክስ የጋራ ትውስታ ሰዎች አብረው በሚኖሩበት ቦታ ላይ ጭምር እንደሚያርፍ ያስተምራል። በዚህ ሐሳብ ከሄድን፣ ሰፈር ሲፈርስ ትውስታው የሚደገፍበትን ግድግዳ ያጣል። ዘጋቢ ፎቶግራፍ ያንን ግድግዳ መተካት ይችላል? ይህ ዳሰሳ መልሱን የሚፈልገው በሁለት መስፈርቶች ነው፤ ምስሉ ጊዜን እንዴት እንደያዘና ለነዋሪው ምን ቦታ እንደሰጠ።

በ1950 እ.ኤ.አ. 1.85 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበራት ዲትሮይት በ2010 ከ714 ሺህ በታች ወርዳለች። የመኪና ፋብሪካዎች ከከተማዋ ወጡ፤ ነጮች ወደ ዳርቻው ፈለሱ፤ ጥቁሮችን ከቤት ገበያ ያገለለው አድልዎ ድህነትን በመሀል ከተማ አከማቸ። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ኢቭ ማርሻንና ሮማን ሜፍር በ2010 ባሳተሙት «የዲትሮይት ፍርስራሾች» መጽሐፍ ይህ ሁሉ ሂደት በዝምተኛ አዳራሾች ተተክቷል። ከሥራዎቻቸው አንዱ በ1926 የተከፈተውን ሚሺጋን ቲያትር ያሳያል፤ በጌጠኛው ጣሪያ ሥር መኪኖች ቆመዋል። ሕንፃው የተሠራው ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያ መኪናውን በገጣጠመበት ቦታ ላይ ነው። ምስሉ ግን ብቻውን ይህን አይነግረንም። ያለ ጽሑፍ ሲታይ ውበቱ ይቀራል፤ ምክንያቱ ይጠፋል።

ትውልደ ቺሊው ፎቶግራፍ አንሺ ካሚሎ ሆሴ ቬርጋራ ሌላ መንገድ መርጧል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ እየተመለሰ ከአንድ አቅጣጫ ያነሣል። በኒው ዮርኩ ሃርለም 125ኛ ጎዳና ላይ በ1977 የምሽት ክበብ ሆኖ ያነሣው ቤት በኋለኞቹ ምስሎች የትንባሆ መሸጫ፣ ቆይቶም የፍራሽ መደብር ሆኗል። ተመልካቹ ምስሎቹን ጎን ለጎን ሲያይ ጥፋትን ብቻ ሳይሆን ማን እንደገዛ፣ ማን እንደለቀቀ፣ ገንዘብ መቼ እንደተመለሰ ያነባል። ቢሆንም ቬርጋራ የሚቆመው ከመንገዱ ማዶ ነው። በ1995 የዲትሮይት ባዶ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች እንደ አቴናው አክሮፖሊስ በፍርስራሽነታቸው ይጠበቁ የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙ የከተማዋን ሰዎች ያስቆጣውም ለዚህ ይመስለኛል። ሥራና ቤት ለሚፈልግ ነዋሪ ፍርስራሽ ሐውልት ሊሆንለት አይችልም።

ፎቶግራፍ አንሺዋ ላቶያ ሩቢ ፍሬዚየር ከመንገዱ ማዶ ተሻግራ ቤት ገብታለች። በፔንሲልቬንያዋ የብረት ከተማ ብራዶክ ተወልዳ አያቷን፣ እናቷንና ራሷን በጥቁርና ነጭ አንሥታ በ2014 በመጽሐፍ አወጣች። ከተማዋ በ1920 ከ20 ሺህ በላይ ሰው ነበራት፤ በ2010 የቀሩት 2 ሺህ ገደማ ናቸው። በዚያው ዓመት ሆስፒታሏ ተዘጋ። በፍሬዚየር ሥራ የሆስፒታሉ መፍረስና የቤተሰቡ ሕመም አንድ ታሪክ ናቸው። የብረት ፋብሪካው ጭስ ያረፈው በሕንፃ ላይ ብቻ አልነበረም።

የአዲስ አበባ ጉዳይ ከዲትሮይትም ከብራዶክም ይለያል። ዲትሮይት ለአሥርተ ዓመታት እየተመናመነች ቬርጋራን ጠብቃዋለች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፈረሱት የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ሰፈሮች ክፍሎች ግን ተመልሶ ለማንሣት ፋታ አልሰጡም። እዚህ ሳይታሰብ መዝገብ የሆነው የቤተሰብ አልበም ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ ከነዋሪዎች እጅ የሰበሰባቸው ምስሎችም የዚህን ሀብት ዋጋ አሳይተዋል። ሠርግ ወይም ክርስትና ሲነሣ አጥሩ፣ ደጃፉና ጎረቤቱ ከኋላ አብረው ይገባሉ።

አልበሙንም ግን በጭፍን ማመን አይገባም። አልበም የደስታ ቀን መዝገብ ነው፤ የጋራ መጸዳጃውን ወይም የሚያፈሰውን ጣሪያ ማንም ለማስታወሻ ብሎ አላነሣም። በአልበም ብቻ የቆመ ትውስታ ድህነቱን ረስቶ ሰፈሩን ገነት ያደርገዋል፤ በባለሙያ ካሜራ ብቻ የቆመው ደግሞ ሰውን ረስቶ ጉስቁልናን ያገንናል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይገባል፤ ከሥራቸውም ቦታው፣ ዓመቱና የነበሩት ሰዎች በነዋሪዎቹ ቃል ይጻፉ። የሰፈሩ ሰዎች ሲበተኑ እድሩም ስለሚበተን፣ «ይህ በር የማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሱት በየዓመቱ ያንሳሉ። የፈረሰ ከተማ ፎቶግራፍ የጋራ ትውስታ የሚሆነው ነዋሪው ሊያርመው፣ ሊጨምርበትና «እንዲህ አልነበረም» ሊለው ሲችል ነው።