በ82 እና በ95 ዶላር መካከል

ማይክሮሶፍት የቪዲዮ ጨዋታ አምራቹን አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ያሳወቀው እ.አ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2022 ነው። ለአንዱ አክሲዮን የሚከፍለው 95 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ነበር። ዜናው ከመሰማቱ በፊት አክሲዮኑ 65.39 ዶላር ነበር፤ በዜናው ቀን 82.31 ላይ ተዘጋ። እኔ የምሠራው እስከ 95 በቀረችው 12.69 ዶላር ላይ ነው።

ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። ገዢ ዋጋ ቆርጧል፣ ሻጭ እሺ ብሏል፤ አክሲዮኑን ገዝቶ ቀኑን መጠበቅ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ቡና አብረን የምንጠጣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ «15 በመቶ እንዲህ ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ ሰዉ ሁሉ ለምን አይገዛም?» አሉኝ። ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። እኔ እዚህ ጥያቄ ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መልሱ ያለው ከታች ነው። ስምምነቱ ፈርሶ አክሲዮኑ ወደ 65 ቢመለስ 17 ዶላር ያህል አጣለሁ። 13 ለማግኘት 17 አስይዣለሁ ማለት ነው። ሲሰላ፣ ገበያው ለግዢው መሳካት የሰጠው ዕድል 57 በመቶ ገደማ ነበር። 65 ራሱም ግምት ነው፤ ሲፈርስ የት እንደሚያርፍ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ስሌቱ ግን «ስንት አገኛለሁ?» ማለቴን ትቼ «እኔ ያላየሁት ገበያው ያየው ምንድን ነው?» እንድል አድርጎኛል።

የዚህን መልስ ዜና ላይ አላገኘውም። የሚሸጠው ኩባንያ ለባለአክሲዮኖች የሚልከውን የድምፅ መስጫ ሰነድ አትሜ በእርሳስ እያሰመርኩ አነበዋለሁ። የውሉ የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? የየትኞቹ አገሮች ተቆጣጣሪዎች መፍቀድ አለባቸው? ማይክሮሶፍት ፈቃድ ቢነፈግ እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ውል ገብቶ ነበር፤ የቀብድ ያህል ነው፤ ግን የሚገባው ለኩባንያው እንጂ ለእኔ አይደለም። ከሁሉ የምወደው ድርድሩ እንዴት እንደተጀመረ የሚተርከውን ክፍል ነው። ማን ቀድሞ እንደደወለ፣ ገዢው ስንት ጊዜ ዋጋ እንደጨመረ እዚያ ተጽፏል፤ የገዢው ፍላጎት ምን ያህል እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል።

ኤፕሪል 26 ቀን 2023 ጠዋት የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነበር። ሞተሩን ሳላስነሳ ስልኬን ከፈትኩ። የእንግሊዝ የውድድር ተቆጣጣሪ ግዢውን ከልክሏል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍቲሲ ግዢውን ለማስቆም ከከሰሰ ወራት አልፈው ነበር፤ አሁን ሁለተኛው በር ተዘጋ። አክሲዮኑ በዚያ ቀን 11 በመቶ ያህል ወረደ። እኔም ገበያው እንደተከፈተ ግማሹን ሸጥኩ። ሰነዱ ውስጥ አዲስ ነገር አግኝቼ አይደለም። የልጄ የኮሌጅ ገንዘብ እዚያ ውስጥ ስለነበረ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ማሰብ አይቻልም።

ጁላይ 11 ዳኛ ዣክሊን ስኮት ኮርሊ የኤፍቲሲን የእግድ ጥያቄ ውድቅ አደረጉ፤ አክሲዮኑ 10 በመቶ ዘለለ። ማይክሮሶፍት ጨዋታዎቹን በኢንተርኔት (በክላውድ) የማጫወት መብት ለሌላው ጨዋታ አምራች ለዩቢሶፍት ለመስጠት ሲስማማ እንግሊዞችም ፈቀዱ። ኦክቶበር 13 ግዢው ተጠናቀቀ። ያልሸጥኩት ግማሽ 95 ዶላሩን አመጣ። የሸጥኩት አሁንም ይቆጨኛል፤ የቆጨኝ ግን መሸጤ ሳይሆን መጀመሪያ ያን ያህል መግዛቴ ነው።

የስፒሪት አየር መንገድን ነገር ያየሁት በዚህ ዓይን ነው። ሌላው አየር መንገድ ጄትብሉ ስፒሪትን ለመግዛት በጁላይ 2022 ለአንዱ አክሲዮን 33.50 ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ ነበር። በጃንዋሪ 2024 አክሲዮኑ የዚያን ግማሽ እንኳ አያወጣም ነበር። ብዙ ሰው የልዩነቱን ስፋት አይቶ ጓጓ። እኔ ስምምነቱ ቢፈርስ አክሲዮኑ የሚያርፍበትን ወለል ፈልጌ አጣሁት፤ ኩባንያው ግዢውን እየጠበቀ ራሱ እየከሰረ ነበርና የድሮው ዋጋ ሊደግፈው አይችልም። ስለዚህ አልገባሁም። ጃንዋሪ 16 ቀን 2024 ዳኛ ዊሊያም ያንግ ውህደቱን አገዱት፤ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 47 በመቶ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

አሁን ከመግዛቴ በፊት፣ ስምምነቱ ቢፈርስ የማጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ደብተር ላይ ጽፌ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱን አነበብኩላት፤ ዝም አለች። ደብተሩን መልሼ ወስጄ የአክሲዮኑን ብዛት በግማሽ ቀነስኩት።